ውሃ የጠጣው ጀልባ

ባለፈው ቅዳሜ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አንድ ሆቴል በር ላይ ከፊላ ሣር እስሮች የተሠራ ጀልባ ለጌጥ ተገትሮ አየሁ። ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። አቧራ አቧራ እንጂ ሐይቅ ሐይቅ አይልም። ቢሆንም ልቤን ይዞት ወደ ልጅነቴ ነጎደ።

ያኔ አባቴ ወደ ጅማ ተዛውሮ፣ ሰኞ ዕቃችን ሊጫን ነበር። የልብ ጓደኛዬ ማቴ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። አባቱ ጋሽ ዱካሌ እናቴን አስፈቅደው፣ ቅዳሜን ከሐይቁ ማዶ እንድናድር ይዘውን ሄዱ፤ እሳቸው በአንዱ ጀልባ፣ እኔና ማቴ በሌላው። የፊላ ጀልባ ላይ የተቀመጠ ሰው መቀመጫው ደረቅ ሆኖ አያውቅም፤ ውሃው በእስሮቹ መሃል ብቅ እያለ ይኮረኩረዋል። ማቴ ይቀዝፋል፣ እኔ እጄን ሰድጄ ውሃው ላይ ያረፈውን ደመና እበትናለሁ። ከሩቅ ጉማሬ ሲያጓራ ጋሽ ዱካሌ ዳር ዳሩን እንድንይዝ በእጃቸው ያሳዩናል።

ማዶ ደርሰን ቆሮሶ ጠብሰን በቆጮ በላን። የዓሣው ጭስ፣ የእርጥቡ ሣር ሽታ፣ የማቴ የማያልቅ ተረብ አሁንም አብሮኝ አለ። ስለ ሰኞ ግን ማናችንም አላነሳንም። የፊላ ጀልባ ሲመሽ ከውሃ ወጥቶ ካልተገተረ ውሃ ሲጠጣ ያድራል፤ ይህን የሐይቁ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ማቴ የእኛን እሱ እንደሚያወጣው ነገረኝና እኔ ብርድ ልብሴ ውስጥ ገባሁ።

ጠዋት ስንነሳ ጀልባችን እዚያው ውሃው ውስጥ አድሯል። ለሦስት ስንጎትተው እንደ እርጥብ ጋቢ ከበደን። የጋሽ ዱካሌ ጀልባ ሦስት ሰው አይችልም። እናቴ ከቸርች በፊት እንድመለስ አደራ ብላ ነበርና ጨነቀኝ። እሳቸው ግን ልጃቸውን ትንሽ አዩት፣ አልተቆጡትም። ጀልባውን ዛፍ ላይ አስደግፈው መረባቸውን መጠገን ያዙ።

«ይድረቅ እንጂ» አሉኝ። «የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።»

እኛም ዋኘን፣ ሣር ላይ ተኛን፣ ደግሞ ዋኘን። ፀሐይዋ ከሰማይ የምትወርድ አትመስልም ነበር። እንደዚያ የረዘመ፣ እንደዚያ ያማረ ቀን ከዚያ ወዲህ አላየሁም። አመሻሽ ላይ ጀልባው ደርቆ ስንመለስ እናቴ ዳር ቆማ ጠበቀችኝ፤ ቁጣዋ እንኳ አልተሰማኝም።

ማቴ ዛሬ በሞተር ጀልባ እንግዳ ያንሸራሽራል። ባለፈው ቅዳሜ አግኝቼው ያንን ቦታ ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ስንመለስ ሐይቁ መሃል ላይ፣ ያን ማታ ጀልባውን ረስቶት እንደሆነ ጠየቅኩት። ሞተሩን አጠፋ።

«የዓሣ አጥማጅ ልጅ ጀልባ ይረሳል እንዴ?» አለኝ ወደ ማዶ እያየ። «በልጅ አቅሜ ሌላ በምን ላስቀርህ?»

እንደ ድሮው እጄን ውሃው ውስጥ ሰደድኩ። የአሁኑ ጀልባ ፋይበር ነው፣ ቢውል ቢያድር ውሃ አይጠጣም። የመመለሻ መኪናዬ ሊነሳ ስለነበር፣ ማቴ ሞተሩን አስነስቶ በሰዓቱ አደረሰኝ።