ኬንያ ደርሳ የመጣችው

እዚህ አረብ አገር፣ አርብ ዕለት ከሐዋሊ ወደ ሳልሚያ በሚሄደው አውቶብስ፣ ጥቁር አባያ ለብሳ ቢጫ ስኒከር የተጫማች ወሎዬ አጠገቤ ተቀመጠች። ሐበሻ መሆኔን ስታይ ስልኳን አወጣች። ከማዳሟና ከምትይዛቸው ልጆች ጋር ኬንያ ሳፋሪ ደርሳ መመለሷ ነው።

«እይልኝማ እህቴ፣ ይሄ ቀንዱ የተጠመዘዘው አጋዘን ነው። ይቺ ሚዳቋ ናት። ያ ውኃ ዳር የቆመው ደፈርሳ ይባላል።»

እሷ ግን አንዱም ፎቶ ላይ የለችም።

«አንቺስ የት አለሽ?» አልኳት።

ቪዲዮ ከፈተችልኝ። የሳላ መንጋ አቧራውን እያቦነነ ሲፈተለክ፣ አንዲት የማትታይ ሴት ከት ብላ ትስቃለች።

«ማዳም ስትልክልኝ፣ ‹ይሄ የማን ሳቅ ነው?› ብዬ ጠየቅኳት» አለችኝ ዓይኗ በርቶ። «‹ያንቺ ነዋ!› አለችኝ እኮ!»

ድምፁን ከፍ አድርጋ ቪዲዮውን ደገመችው። ከኋላችን የተቀመጡት ሴቶችም አብረው ሳቁ።