ሸዋርጋ የተማሪዋ ተማሪ የሆነችበት ዓመት

ሸዋርጋ ቂም የያዘችው ገና ስብሰባው ሳይበተን ነው።

ነቀምቴ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ፖለቲካል ሳይንስ ስታስተምር ፀጉሯ ሸብቷል። የተወለደችው አንገር ጉቲን፣ ከወሎ ከመጡ ሰፋሪዎች ቤት ነው፤ አማርኛዋ እስከ ዛሬ የእናቷን ዜማ ይዟል፣ ኦሮምኛዋ ግን የጎረቤቶቿ ነው። ኮሌጁ ከተከፈተ ጀምሮ ፖለቲካል ሳይንስና የሕዝብ አስተዳደር በአንድ ትምህርት ክፍል ሥር ነበሩ፤ ኃላፊዋም እሷ ነበረች። ለአዲስ ገቢዎች፣ "የሕዝብ አስተዳደር ከፖለቲካል ሳይንስ የተወለደ ልጅ ነው" ትል ነበር። "ልጅ ጎጆ ቢወጣም ደሙን አይክድም።"

ኢቢሳ ይህን ሲሰማ ከጉቶ ጊዳ የመጣ ዝምተኛ ተማሪ ነበር። ጉብዝናውን ቀድማ ያየችው እሷ ናት። ሲመረቅ ረዳት መምህር ሆኖ እንዲቀጠር የተሟገተችለት፣ ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ሲሄድም በራሷ ላይ ደርባ ክፍለ ጊዜውን የሸፈነችለት እሷ ናት። በሕዝብ አስተዳደር ተመርቆ ሲመለስ ግን ሌላ ሰው ሆኖ መጣ።

ያን ጊዜ የፖለቲካል ሳይንስ ተማሪ እየሳሳ ነበር። የየወረዳው መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ሲያወጣ የሚፈልገው የሕዝብ አስተዳደር ምሩቅ ነውና፣ ወላጅም ልጁን ወደዚያው ይገፋል። የኮሌጁ ዲን ወይዘሮ አሜን ምን ይሻላል ብለው መምህራኑን ሰበሰቡ። ኢቢሳ እጁን አወጣ።

"ይለያዩ" አለ። "ፖለቲከኛ ይወስናል፣ አስተዳዳሪ ይፈጽማል። የእኛ ሙያ ነው፣ የእነሱ ወሬ ነው። ወሬ ለማስተማር ደግሞ ኮሌጅ አያስፈልግም።"

ሰው ሳቀ።

ብዙም ሳይቆይ ፖለቲካል ሳይንስ ተዘጋ። ኢቢሳ የቀረው ክፍል ኃላፊ ሆነ፤ እሷ ለነርስ ተማሪዎች ሥነ ምግባር እንድታስተምር ተመደበች። መጻሕፍቷን ባጃጅ ላይ ስትጭን ሊያግዛት ወጣ። እንደ አገሩ ወግ "አዴ" እያለ አክብሮ ነው የሚጠራት።

"አዴ፣ እንዳይቀየሙኝ።"

"አልቀየምም" አለችው። "እቆያለሁ እንጂ።"

ኮሌጁ ለሠራተኞች የቅዳሜ ሁለተኛ ዲግሪ ሲከፍት፣ በሕዝብ አስተዳደር ከተመዘገቡት አንዷ ሆነች። ኢቢሳ በመጀመሪያው ቅዳሜ ክፍል ሲገባ ሸዋርጋ ከፊት ወንበር ተቀምጣ አገኛት። በሩ ላይ ቆም አለ።

"እንደምን አደሩ፣ መምህር" አለችው። ከተማሪነቱ ጀምሮ አንተ ስትለው የኖረች ሴት እርስዎ ስትለው ፊቱ ተለዋወጠ።

ሰሌዳው ላይ መስመር አሰመረና በአንድ ወገን ፖለቲካ፣ በሌላው አስተዳደር ብሎ ጻፈ። ሸዋርጋ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ የመጣው ማዳበሪያ ለሁሉም አይበቃም እንበል። መመሪያው ስለ ቅደም ተከተል ምንም አይልም። የትኛው ቀበሌ እንደሚቀድም የሚወስነው ማነው?"

"የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ።"

"ፖለቲከኛ ነው?"

"አይደለም፤ አስተዳደር ነው ሥራው።"

"ታዲያ ማን አግኝቶ ማን እንደሚቀር የሚወስን ሰው፣ ከመስመርዎ በየትኛው ወገን ይቁም?"

ኢቢሳ መልስ ሲፈልግ፣ ከግብርና ጽሕፈት ቤት የመጣች ሶረቲ የምትባል ሴት ከኋላ ሆና፣ "ባለፈው ክረምት እኔ ነኝ የወሰንኩት" አለች። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ሸዋርጋ ያን ሳቅ እንደ ማር ላሰችው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ሆነ። እሱ የሚያስተምረውን ሁሉ ቀድማ አንብባ ትመጣለች፤ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ መምህር እያለች፣ አንዲት ጥያቄ ጣል ታደርጋለች። እሱ ትምህርቱን ማሳጠር ጀመረ። ተማሪዎቹ በእረፍት ሰዓት እሷን ከበው ይጠይቋታል። በመጨረሻ ኮርሱን እሷ ትስጠን ብለው ወይዘሮ አሜን ቢሮ ገቡ።

ኢቢሳ አንድ እሑድ ቤቷ መጣ።

"አዴ፣ ያኔ የተናገርኩት ስህተት ነው። ይብቃኝ።"

"ያኔ የተናገርከው ሳሎኔ ውስጥ አይደለም፤ ሰው ፊት ነው።"

ሻይ እንኳ ሳታቀርብለት ሸኘችው። ባሏ ቂርቆስ፣ "እንግዳ እንዲህ ይሸኛል? ነውር ነው" ቢላት፣ "ነውሩን እኔ እችለዋለሁ" አለች።

ኢቢሳ ሰው ፊት ወጥቶ አልተናገረም። እሷም አልለቀቀችውም።

የመመረቂያ ጽሑፏን የምታቀርብበት ቀን ሲደርስ የውስጥ ፈታኙ እሱ ሆነ። የሠራችው በማዳበሪያ እደላ ላይ ነው። ሊበቀለኝ ነው ብላ ጠበቀች፤ እንዲያውም ተመኘችው፣ ለእያንዳንዱ ጥቃት መልስ አዘጋጅታለች። እሱ ግን ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ኖሮ፣ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"አስተዳደር ሁሉ ፖለቲካ ከሆነ፣ የአጎቱን ልጅ ያስቀደመውን ሠራተኛ በምን እንወቅሰዋለን? መስመሩን መጀመሪያ ያሰመሩት ምሁራን የፈሩት ይህንን ይሆን?"

ተንኮል የለበትም። የምሩን ነው የጠየቃት። ሸዋርጋ መልስ የጻፈችበትን ወረቀት አጥፋ አስቀመጠች።

"ላስብበት" አለች።

ከፍተኛውን ውጤት ሰጣት። ኮሪደር ላይ እጁን ዘረጋና፣ "ባጋ ገመዳን፣ አዴ" ብሎ እንኳን ደስ አላት።

"በሙያ ነው በወሬ ያለፍኩት?"

"በሁለቱም" አለ፣ ሳያፍር።

በቀጣዩ ዓመት ወይዘሮ አሜን የተዘጋውን ፖለቲካል ሳይንስ ከፍተው ሁለቱን ትምህርቶች መልሰው አንድ አደረጓቸው፤ ኮርሱም ለሸዋርጋ ተሰጠ። ኢቢሳ ኮሌጁን ለቆ ከተማው ውስጥ መሥሪያ ቤት ገባ። ባልደረቦቿ አሸነፍሽ አሏት። እሷ ግን ተናደደች፤ ጥላቻውን ስትጠብቅ ፍርድ ሳያዛባ ማለፉ እንደ ስድብ ቆጠቆጣት።

"አሁንስ ወጣልሽ?" አላት ቂርቆስ።

"አልወጣልኝም። ያን ጥያቄ አልመለስኩለትም" አለች። "መልሱን ሳልነግረው ዝውውር ጠይቆ ነቀምቴን እንዳይለቅ ብቻ።"