ዋንጫ እና ውሃ

ዛሬ ልጄ ከጂም ሲመለስ ሽታው ቀድሞት ገባ። ለውድድር ሰውነት ላይ የሚቀቡት ቡናማ ቀለም ነው፤ ጣፋጭ ሆኖ የጫማ ቀለም የሚያስታውስ። አውቀዋለሁ።

ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ፣ ከእኛ አፓርትመንት በላይ ተስፋዬ የሚባል የአገራችን ሰው ይኖር ነበር። የቦዲ ቢልዲንግ ሻምፒዮን ነው፤ እንጀራው ያው ጡንቻው ነበር። አንድ ቀን ለውድድር ዳውንታውን ሆቴል ሊያድር ሲል የቤቱን ቁልፍ አደራ ሊሰጠን ገባ። ያ ቀለም ይሸታል። ትከሻው በሩን ሞልቶታል፣ ጉንጩ ግን እንደ በሽተኛ ጎድጉዷል። አክስቴ እትዬ ዘውዴ ውሃ አቀረቡለት።

"ይቅርብኝ፣ እትዬ። ነገ መድረክ ላይ ጡንቻዬ ጎልቶ እንዲታይ ከትናንት ጀምሮ ውሃ አልጠጣም።"

እትዬ ዘውዴ አላመኑትም። ዓይኑ እያየ አንዴ ተጎነጩለትና ብርጭቆውን መልሰው ዘረጉለት፤ መርዝ የለበትም ማለታቸው ነበር። እሱ የደረቀ ከንፈሩን ላሰ እንጂ አልተቀበላቸውም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ይሄ ልጅ የሚደብቀን ነገር አለ" አሉ ሲወጣ። "ውሃ የሚያስከለክል ዋንጫ ምን ሊጠጡበት ነው?"

ተስፋዬ አሸንፎ መጣ። ሌላም ዓመት አሸነፈ። ከዚያ አንድ ቀን ቤቱ ባዶ ሆነ፤ የት እንደገባ የነገረን የለም።

አሁን ልጄ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ስልኩን ያያል። ውሃ ቀድቼ አቀረብኩለት።

"ኖ ዋተር ቱዴይ፣ ማሚ።"

ፊት ለፊቱ ቆሜ አንዴ ተጎነጨሁና መልሼ ዘረጋሁለት። ለምን እንደቀመስኩለት እንኳ አልገባውም።