ወገኑ ያልታወቀ ቃል

እኔ ይሻው፣ ዕድሜዬን ቅኔ ቤት የፈጀሁ ሰው፣ አፌን ለመክፈት ፈቃድ የምጠይቀው ሰዋስውን ነው። የኔታ አንድ ቃል ከአፋችን ሲወጣ «ግስ ነው ወይስ ስም?» ሳይሉ አያልፉንም ነበር። ካልለየን ርባታውን በሙሉ ቆመን እንድናወርድ ያደርጉናል። ግእዙን በዚህ መንገድ ስላወቅሁት እንግሊዝኛውንም እንዲሁ እገባበታለሁ አልኩ። ጉዱ የፈላው ያኔ ነው።

ዋተርን ውሃ ብዬ ከስሞቹ ጋር አስቀመጥኩት፤ ዞር ከማለቴ ማጠጣት ሆኖ ከግሶቹ መካከል አገኘሁት። ሃንድ እጅ ነው ስል ለካ ማቀበልም ነው። ባክማ ጀርባም ነው፣ ኋላም ነው፣ መደገፍም ነው፤ ልብስ እንኳ አይቀይርም እኮ! እኔ ደግሞ አንዱ ወንበር ላይ ካላስቀመጥኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ባለቤቴ ፍሬሕይወት ከቤሩት ከተመለሰች ዓመት አልፏታል። እንግሊዝኛ እንደመጣላት ታወራለች፤ እኔ አንድም ቀን ተናግሬበት የማላውቀው ሰውዬ ቁጭ ብዬ አርማታለሁ። ጓዳችን እየሳሳ ሲሄድ ግን፣ እኔ ሥራ ካላገኘሁ ተመልሳ ለመሄድ ቆረጠች። እንድትሄድብኝ አልፈለግሁም። ቢሆንም ደረቴን ነፍቼ «ሥራ አገኛለሁ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ደብረ ታቦር አዲስ የተከፈተ የእንግዳ ማረፊያ አስጎብኚ ይፈልጋል ተባለ። ኃላፊው ባዩ ሊፈትነኝ አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ ይዞ መጣና ሦስታችን በድሮ ዘመን መድፍ ወደተሠራበት ወደ ጋፋት ወረድን። ዝናብ ጥሎ ስላደረ የእግር መንገዱ ጭቃ ነው። ሴትዮዋ ተንሸራተው ዘጭ አሉ፤ ምርኩዛቸው እግሬ ሥር ወደቀ። ምርኩዙን እንዳቀብላቸው በእንግሊዝኛ ለመኑኝ፤ ሃንድ ሲሉ ሰማኋቸው። የፈለጉት ገብቶኛል። ግን እጅ ነው ማቀበል፣ ስም ነው ግስ፣ ግስ ከሆነስ ትእዛዝ ነው ልመና እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ። በመጨረሻ ጣቴን ቀስሬ፣ በኩራት፣ «እዚህ ላይ ግስ ነው» አልኩ።

ባዩ ምርኩዙን ከእግሬ ሥር አነሳ፣ ሴትዮዋን ደግፎ አቆመና በትሕትና «መምህር፣ እርስዎ ቅኔዎን ያስተምሩ» አለኝ። ሥራው በዚያው ቀረ።

ቤት ገብቼ የሆነውን ሁሉ ለፍሬሕይወት ነገርኳት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ እኔም በራሴ ሳቅሁ። ከዚያ ተነስታ ልብሷን እያጠፈች ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀመረች። ስሙም ግሱም ጠፋብኝ።

«አትሂጂብኝ» አልኳት።

ልብሱን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ።

«ዓመቱን ሙሉ ሥራ አገኛለሁ ስትል ነው የሰማሁህ» አለችኝ። «አትሂጂ ብለኸኝ ግን አታውቅም። ብሄድም ግድ የሌለህ መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ ያጠፈቻቸውን ልብሶች አንድ በአንድ እያወጣች መልሳ ሰቀለቻቸው።