እህትማማቾቹ መምህራንና የማባዣው ክፍል ቁልፍ

እናታቸው ስትሞት ሚጢ ገና የወተት ጥርሷን አልነቀለችም ነበር። ፀጉሯን የጎነጎነችላት፣ ጉንፋን ሲይዛት ጀርባዋን ያሸቻት፣ እጇን ይዛ ሀ ሁ ያስጻፈቻት ታላቅ እህቷ ናት። "እታለም" እያለች ነው የምትጠራት። እታለም እሷን ለማሳደግ ብላ ትምህርቷን ወደ ማታ አዛወረች፤ ሊያገባት የመጣውንም ሰው "ትንሽ ታገሠኝ" ስትለው ስትለው ሌላ አገባ። ይህ ሁሉ አንድም ቀን ቆጭቷት አያውቅም። ሆዷ መቃጠል የጀመረው ሚጢ አድጋ፣ ባዮሎጂ ተምራ፣ እሷው ጂኦግራፊ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ተቀጥራ ስትመጣ ነው።

በባዳ ቢቀኑ ለጎረቤት አምተው ይወጣላቸዋል። አዝለው ባሳደጉት ልጅ መቅናት ግን ለማን ይነገራል? እታለም ዋጥ አድርጋ ያዘችው። የሁለቱ ክፍሎች ግድግዳ ስስ ነበርና፣ እሷ ስለ ወንዞች ስታስተምር ከወዲያ በኩል የሚጢ ተማሪዎች ሳቅ ይመጣል። "ባዮሎጂ ምኑ ያስቃል?" ትላለች ለራሷ። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ሚጢን እንደ ንብ ይከቧታል፤ እታለምን ሲያዩ ደግሞ ሸሚዛቸውን ሱሪያቸው ውስጥ ይከታሉ።

ይባስ ብሎ ትምህርት ቤቱ ፈተናውን ሁሉ በኦንላይን ሲያደርግ የሥራው ኃላፊ ሚጢ ሆነች። ለመምህራኑ ሥልጠና ስትሰጥ እታለም መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ማውሱ እምቢ አላት። ሚጢ ከኋላዋ መጥታ እጇን ያዘችና "እዚህ ጋ ነው የምትጫኚው፣ እታለም" አለቻት በለሆሳስ። ክፉ ነገር አልተናገረችም። እታለም ግን ያን ዕለት ምሳ አልበላ አላት።

የማጠቃለያ ፈተናው ቀን ደረሰ። ተማሪዎቹ ኮምፒውተር ክፍል ገብተው ቢጠብቁ ቢጠብቁ፣ ስክሪኑ ላይ ክብ ነገር ከመሽከርከር በቀር ምንም የለም። ርዕሰ መምህሩ ላቡን እየጠረገ በሩ ላይ ብቅ አለና ሁሉም የፈራውን ተናገረ፦

"ሲስተም የለም።"

የእታለም አንጀት ቅቤ ጠጣ። እግዜር ይቅር ይበላት፣ የመጀመሪያ ሐሳቧ "እስቲ አሁን ጉድሽን እናያለን" የሚል ነበር።

ሚጢ ስልክ ደዋውላ መፍትሔ ስታጣ ወደ እህቷ እየሮጠች መጣች። የማባዣው ክፍል ቁልፍ በእታለም እጅ ነበር፤ ሌላ ቅጂ የለውም።

"እታለም፣ ቁልፉን ስጪኝ። ጥያቄዎቹ ላፕቶፔ ላይ አሉ፤ አትሜ ላባዛቸው።"

ቁልፉ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ፣ ጣቶቿ መሃል ነበር።

"ቤት ረስቼው መጣሁ" አለች እታለም።

ሚጢ ቀና ብላ አየቻት። "እሺ በቃ፣ ሌላ ዘዴ እፈልጋለሁ" ብላ ሄደች።

ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅምና ይባላል። የእታለም ተማሪዎች "ቲቸር፣ እኛስ?" ሲሏት ነው የገባት። የእሷም ጥያቄዎች መታተም ነበረባቸው! አሁን ቁልፉን ብታወጣ ጉድ ፈላ። ምርጫ አልነበራትምና ረቂቋን ከቦርሳዋ አውጥታ ጥያቄዎቹን በሙሉ፣ ከነምርጫቸው፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ መጻፍ ጀመረች።

"ቲቸር፣ አይታየንም!"

"ቲቸር፣ አታጥፊው፣ አልጨረስንም!"

"ቲቸር፣ ይሄ 'ደቡብ' ነው 'ድብ'?"

እጇ ዛለ፤ ጉሮሮዋ በጠመኔ ብናኝ ደረቀ። በመስኮት ብታይ ሚጢ ጠረጴዛዎቹን ግቢው ውስጥ ደርድራለች። አንዱ ላይ የበቀለ ባቄላ፣ አንዱ ላይ የዶሮ አጥንት፣ ሌላው ላይ ቀለም ባለው ውሃ ውስጥ የቆመ ነጭ አበባ። ልጆቹ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ ያዩትን ይጽፋሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እሷ ዘንድ ሄደው ለምን እንደዚያ እንዳሉ በቃል ያስረዳሉ። እያንዳንዱ ያለው የተለያየ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ መኮራረጅ ብሎ ነገር የለም። ርዕሰ መምህሩ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ፈገግ ብሎ ይመለከታል። ፊት ወንበር የተቀመጠች ልጅ ለጓደኛዋ "ታድለው" ስትል እታለም ሰማቻት። ጠመኔው እጇ ውስጥ ተሰበረ።

ደወሉ ሲደወል ግማሽ እንኳ አልጻፈችም። ክፍሉ መንጫጫት ሲጀምር በሩ ተከፈተና ሚጢ ገባች። ምንም ሳትል ጠመኔ አንስታ ከሌላው ጫፍ መጻፍ ጀመረች። ጽሕፈቷ ቁርጥ የእታለምን ነበር፤ የ"ለ" እግሯ እንኳ ሳይቀር። እንዲያም ሆኖ ፈተናው አላለቀም፤ ተማሪዎቹ ለሌላ ቀን ተቀጠሩ።

መምህራን ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ሲቀሩ እታለም መሬት መሬት እያየች "ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር" አለች።

"አውቃለሁ።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ስትዋሺ ድምፅሽ ይለሰልሳል። ልጅ ሆኜ 'እማዬ ነገ ትመጣለች' ስትዪኝም እንደዚያ ነበር።"

እታለም ይበልጥ አቀረቀረች።

"በልጆቹ ፊት ላዋርድሽ አልፈለግሁም" አለች ሚጢ፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። "ተናድጄብሻለሁ ግን። እኔ ላይ ብትቀኚ አንድ ነገር ነው፤ ልጆቹ ምን አደረጉሽ?" ቦርሳዋን አንስታ ሳትሰናበት ወጣች።

በማግስቱ እታለም ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብታ እውነቱን ተናገረች። ተግሣጹንም ተቀበለች፣ ቁልፉንም አስረከበች። ከእህቷ ጋር ግን ቶሎ አልታረቁም። ኮሪደር ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸው የባዳ ሆነ፤ የወዲያኛው ክፍል ሳቅም እንደ በፊቱ ሆዷን ይበላው ነበር።

የተቀጠረው ፈተና ሲቃረብ እታለም ኩራቷን ውጣ የሚጢን በር አንኳኳች። "ያንን የጠረጴዛውን ነገር አሳዪኝ" አለች።

ሚጢ ክንዷን አጣምራ "አንቺ? ከእኔ?" አለቻት።

"አዎ፣ ካንቺ። አስለምኚኛ!"

ሚጢ ሳቋ አመለጣት።

በፈተናው ቀን ግቢው ውስጥ ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ኮምፓስ፣ የቦታ ስም የተፋቀባቸው ካርታዎች ተደረደሩ። ልጆቹ እየተንጫጩ ዞሩ፤ አንዱ ካርታውን ገልብጦ ይዞ ሰሜንን ሲፈልግ እታለም ራሷ ሳቀች። ሚጢ በመስኮት አንገቷን አውጥታ "ሌባ! የእኔን ዘዴ!" ብላ ጮኸች።

"ሰረቅሁሽ!" አለች እታለም። "ደግሞ ካንቺ አሳምሬ ነው የሠራሁት!"

ከልቧ ነበር ያለችው።