እትዬ ጥሩነሽና የአባቴ ሰይቼንቶ

ባለፈው ወር መኪናዬ ላንቻ አካባቢ መንገድ መሐል ቆመችብኝና፣ ከኋላ በተሰለፉት ሚኒባሶች ጡሩምባ ታጅባ፣ በሁለት ደግ ሰዎች ጉልበት ተገፍታ ቡልጋሪያ ሰፈር አንድ ጋራዥ ገባች። መካኒኩ ዝምተኛ ሰው ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት ጎነታተለና አንዱን ካንዴላ ፈቶ አወጣው፤ በጨርቅ ያዝ አድርጎም "ይኸው፣ እርጥብ ነው" ብሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ካንዴላ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ፣ ሞተር ውስጥ እሳት የሚጭር ትንሽ ዕቃ ነው። ጫፉ ጥላሸት ለብሷል፣ ላዩ ቤንዚን ቤንዚን ይላል፣ ከቤንዚኑ ሥር ደግሞ የተቃጠለ ብረት ሽታ አለው። ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ ሳሸተው ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። ከአርባ ዓመት በፊት ይህንኑ ሽታ በአንዲት ሴትዮ ጣቶች ላይ እንደማውቀው ልነግረው አልቻልኩም።

ቤታችን ካዛንቺስ ነበር፤ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በምትገባ፣ በክረምት ጫማ በምትነጥቅ ቀጭን የጭቃ መንገድ ላይ። ከጎረቤታችን ከእትዬ ጥሩነሽ ጋር የሚለየን አንድ የዛገ የቆርቆሮ አጥር ሲሆን፣ አጥሩ ዓይን ይከልል እንደሆነ እንጂ ድምፅም ሽታም አይከለክልም ነበር። እነሱ ቤት ሽንኩርት ሲቁላላ እኛ ቤት ይርበናል፣ እኛ ቤት ሬዲዮ ሲከፈት እሳቸው ስፌታቸውን ቀነስ አድርገው ዜናውን ይሰማሉ፣ እኔ ሳል ከያዘኝ ደግሞ በማግስቱ ከአጥሩ ወዲያ "ያቺ ልጅ ዛሬስ እንዴት አደረች?" የሚል ጥያቄ ይመጣል።

አባቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ከደመወዙ ለዓመታት አጠራቅሞ የገዛት፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ክሬም ቀለም ያላት አንዲት ሰይቼንቶ ነበረችው። ያቺን ትንሽ የጣሊያን መኪና እንዴት እንደሚወዳት ስነግራችሁ ትስቁ ይሆናል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሸሚዙን አውልቆ በሳሙና ያጥባታል፤ ውስጧ ቆሎ መብላት ክልክል ነው፤ በሯን ጠንከር አድርጎ የዘጋ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ይኮረፋል። እሷ ግን ውለታውን የምታስብ አልነበረችም። በተለይ በክረምት አንድ ቀን ተነስታ ሁለት ቀን ትተኛለች፤ የሰፈሩ ሰውም "በቀለ መኪና የገዛው እኛ ስፖርት እንድንሠራ ነው" እያለ እየሳቀ ይገፋታል። የተበላሸችውን እሱው ራሱ ይነካካታል እንጂ ሌላ ሰው እንዲነካት አይፈቅድም።

እትዬ ጥሩነሽ ባለቤታቸውን በሞት ያጡ ሴት ነበሩ። ባለቤታቸው ግቢያቸው ውስጥ መኪና የሚጠግኑ መካኒክ ነበሩና፣ እሳቸውም አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው መብራት ይዘዋል፣ መፍቻ አቀብለዋል፣ የማያልቀውን የባለቤታቸውን ማብራሪያ ሰምተዋል። ሰውየው ሲሞቱ የጋራዡ ዕቃ ሁሉ ተሸጠ፤ አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ብቻ አልጋቸው ሥር ቀረች። ከዚያ በኋላ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፉ አንድ ልጃቸውን ሰሎሞንን አሳደጉ። ስለ መኪና ምን እንደሚያውቁ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ ማንስ ይጠይቃቸዋል፣ ሴት ናቸው።

ዘመኑ ወጣቱ ሁሉ ለብሔራዊ ውትድርና የሚወሰድበት ነበር። ቀድሞ የተወሰደው ሰሎሞን ነው። ከማሠልጠኛ ወደ ግንባር ይሄዳል ተብሎ ለእናቱ የተነገራቸው ቀን ሐሙስ ነበር፤ እሳቸውም በሶና ሹራብ ቋጥረው ሐሙስ ማለዳ ማሠልጠኛው በር ላይ ሲደርሱ መኪኖቹ ረቡዕ ሄደዋል ተባሉ። ቋጠሮውን ይዘው ሲመለሱ መንገዳችን ላይ ቆሜ አይቻቸዋለሁ። አላለቀሱም፤ እንዲያውም "ደህና ዋልሽ?" ብለውኝ ነው ያለፉት።

በዓመቱ ተራው የወንድሜ የዳዊት ሆነ። የተወሰደ ቀን አባቴ ሥራ ላይ ስለነበር አልተሰነባበቱም። አባቴ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልተናገረም፤ ብቻ ራት ላይ የዳዊት ወንበር ላይ ማንም እንዲቀመጥ አልፈቀደም። ነሐሴ ላይ አንድ ማታ ዳዊት በሰው መልእክት ላከብን፦ ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ከደብረ ዘይት መንገድ ማሠልጠኛ ተነስተን ወደ ሰሜን እንሄዳለን። በአውቶቡስ ሰልፍ ተይዞ እንደማይደረስ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ያለችን ሰይቼንቶዋ ብቻ ናት።

ሌሊቱን ዝናቡ ሳያባራ አደረ። ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሆን እናቴ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ ቋጠሮዋን ጭኗ ላይ አድርጋ የፊቱ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አባቴ ቁልፉን አዞረው። ሞተሩ እያጓራ ዞረ፣ ዞረና ቆመ። ደግሞ አዞረው። ነዳጁን ረገጥ ረገጥ አደረገ፤ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ በቢላዋ ፋቀ፤ ፈልቶ የመጣለትን ውኃ ባትሪው ላይ አፈሰሰ፤ ጎረቤቶች በነጠላና በፒጃማ ወጥተው እስከ ቁልቁለቱ መጨረሻ ሦስት ጊዜ ገፏት፣ ሦስት ጊዜም በጭቃ ተለውሰው መልሰው አመጧት። በዚያ ጠዋት ስለ ስፖርት የቀለደ ሰው አልነበረም። እናቴ መኪናዋ ስትገፋም ስትመለስም አልወረደችም። አንድ ሰዓት አለፈ። አባቴ በመጨረሻ፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የመኪናዋን ጎማ በእርግጫ መታትና ግንባሩን ጣሪያዋ ላይ ደግፎ ቆመ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባት መላ ሲያጣ ሳይ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ፊቴን አዞርኩ።

ያን ጊዜ ነው እትዬ ጥሩነሽ ሻሻቸውን እንደጠመጠሙ፣ የቆርቆሮ ሣጥናቸውን በብብታቸው ይዘው በበራችን የገቡት።

"አቶ በቀለ፣ ይተዉት፤ ባትሪውን ጨረሱት" አሉ።

አባቴ ቀና ሳይል "ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ እባክዎ፣ ዛሬ ይተዉኝ" አላቸው።

"ከአጥሩ ወዲያ ሆኜ ስሰማው ነው የቆየሁት። ሞተሩ ይዞራል፤ ቤንዚንም አለው፣ እንዲያውም በዝቶበታል። የሌለው እሳት ነው።"

ከመኪናዋ ውስጥ የእናቴ ድምፅ መጣ፤ ከፍ አላለም። "አንተ፣ ዞር በልላት።"

አባቴ ዞር አለ።

እትዬ ጥሩነሽ ጭቃው ላይ ተንበርክከው ከኋላ ኮፈኑን ከፈቱ። አራቱን ካንዴላዎች አንድ በአንድ ፈቱ፤ የመጀመሪያውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱና ለእኔ ሰጡኝ። "ከሰል ላይ አድርጊያቸው፣ እስኪደርቁ። እንዳይቀሉ ግን" አሉኝ፤ እኔም ለቁርስ የተያያዘው ምድጃ ላይ እንደ በቆሎ እያገላበጥኩ ጠበስኳቸው። እሳቸው እስከዚያ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ጥቁር ክዳን አነሱ። ውስጡ የሌሊቱ እርጥበት እንደ ላብ ጤዛ ሠርቷል። በነጠላቸው ጫፍ፣ ሕፃን እንደሚጠርግ ሰው፣ ጥግ ጥጉን አደረቁት። ከዚያ ሥሩ ያሉትንና መካኒኮች ፑንቲና የሚሏቸውን ሁለት ትንንሽ ብረቶች ተቃጥለው ስላገኟቸው በብርጭቆ ወረቀት ፋቋቸው፤ በመካከላቸው የሚኖረውን ክፍተትም ከክብሪት ቀፎ ላይ በቀደዷት ወረቀት ለኩት። አባቴ ሳይጠየቅ ካቻቢቴ አቀበላቸው፤ ቀጥሎ መፍቻ አቀበላቸው።

ካንዴላዎቹ እንደሞቁ ተመልሰው ገቡ። "አሁን ነዳጅ እንዳይረግጡ። ይግፏትና በሁለተኛ ማርሽ ይልቀቋት" አሉ። ቁልቁለቱ ግማሽ ላይ ሰይቼንቶዋ አንድ ጊዜ አነጠሰች፣ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ከዚያም ተነሳች። ጎረቤቱ ሁሉ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሞ ድምፅዋን አዳመጠ።

እትዬ ጥሩነሽ ሣጥናቸውን ዘግተው ወደ በራቸው ሲያመሩ እናቴ በመስኮቱ ጠራቻቸው። "ጥሩዬ፣ ነይ ግቢ።" ለአፍታ ቆም ብለው አሰቡና፣ እጃቸውን ሳይታጠቡ ከኋላ ከእኔ ጎን ገቡ። ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ጥላሸት የነካቸውን ጣቶቻቸውን ልብሴን እንዳይነኩ ወደ ላይ ይዘው መንገዱን ሁሉ ሄዱ። ያ ሽታ ነው እንግዲህ ቡልጋሪያ ድረስ የተከተለኝ።

ስንደርስ ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። የጭነት መኪኖቹ ሞተር ተነስቷል፤ የሽቦ አጥሩ በእናቶች ተሞልቷል። ዳዊት ፀጉሩን ተላጭቶ ጆሮው ብቻ ቀርቶ ነበርና መጀመሪያ አላወቅነውም፤ እሱ ነው በጣሳ አጥሩን መትቶ የጠራን። እናቴ ቋጠሮውን በሽቦው ላይ አሳልፋ ፊቱን ዳበሰችው። አባቴ ስንት ቀን ያጠራቀመውን ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና "ካልሲ አለህ?" አለው። ዳዊት ያለው አንድ ብቻ፣ እሱም የረጠበ ነበር። አባቴ እዚያው ጭቃው ላይ ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን አወለቀ፣ ጠቅልሎ በሽቦው ቀዳዳ ሰጠው፤ ከዚያም በባዶ እግሩ እንደቆመ የልጁን ጣቶች ይዞ ቀረ።

እትዬ ጥሩነሽ የቀረቡት መጨረሻ ላይ ነው። "ዳዊትዬ፣ ሰሎሞንን ካገኘኸው" አሉት፣ "እናትህ መጥታ ነበር በለው። ሐሙስ ብለዋት ሐሙስ መጥታ ነበር፣ መኪናው ቀድሟት ነው በለው። ሌላ ምንም አልልም።" ዳዊት ራሱን ነቀነቀ። ፊሽካ ተነፋ፤ መኪኖቹም ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ጠዋት ጠዋት ሰይቼንቶዋን ሲያስነሳ ከአጥሩ ወዲያ ትእዛዝ ይመጣ ጀመር፤ "ዛሬ አንዱ ካንዴላ ደክሟል"፣ "ማታ ሸፍነዋት ይደሩ"። አባቴም እንደ አለቃው እሺ ይል ነበር። እኔንም አጠገባቸው አስቀምጠው ሞተር ማዳመጥ አስተማሩኝ፤ ባትሪ ሲደክምና እሳት ሲጠፋ ድምፁ እንዴት እንደሚለያይ ዓይኔን አስጨፍነው ይፈትኑኝ ነበር።

ዳዊት ከጥቂት ዓመታት በኋላ መንግሥት ሲለወጥ ከስቶ፣ እያነከሰ፣ በእግሩ ተመለሰ። እናቴ እልል ብላ ሳትጨርስ እሱ በአጥሩ በኩል ዞሮ ሄደ። እትዬ ጥሩነሽ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። "አላገኘሁትም፣ እትዬ" አላቸው፤ ውሸት ሊነግራቸው ይችል ነበር፣ ግን አልነገራቸውም። ሳሙትና "እንኳን ገባህ" አሉት። የሰሎሞን መርዶ የመጣው ከዚያ በኋላ ባለው ክረምት ነው።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ አባቴና ዳዊት ጠዋት አብረው ሲወጡ ሰይቼንቶዋን ግቢ ውስጥ ማስነሳት ተዉ። አልተመካከሩም መሰለኝ፤ ብቻ በሩን በቀስታ ከፍተው፣ አባትና ልጅ ከኋላ ሆነው፣ ደህናዋን መኪና እንደተበላሸች እየገፉ አስፋልቱ ድረስ ይወስዷትና እዚያ ያስነሷታል። አንድ ልጅ የተመለሰለት ቤት ድምፅ በዚያ አጥር አልፎ እንዳይሰማ ነበር። ይህ ለሁለት ሳምንት ያህል እንደቀጠለ እትዬ ጥሩነሽ አንድ ጠዋት በራቸው ላይ ጠበቋቸው።

"አቶ በቀለ፣ እዚሁ ያስነሷት" አሉ። "እሷንም ካልሰማሁ መንጋቱን በምን አውቃለሁ?"

አባቴ የመኪናዋን በር ከፈተ። ከዚያ ገባና አስነሳት፤ እስክትሞቅ ድረስ፣ ከወትሮው ረዘም አድርጎ፣ እዚያው አቆያት።

ሁሉም በየተራ ሄደዋል፤ መጀመሪያ እትዬ ጥሩነሽ፣ ቀጥሎ አባቴ፣ ከዚያም እናቴ። ሰፈራችንም ፈርሷል። አንድ ቀን ከዳዊት ጋር ሄደን የሁለቱ ቤቶች አጥር የነበረበትን ቦታ ብንፈልግ በሰፊው አዲስ መንገድ ላይ እሱ አንድ ቦታ አሳየ፣ እኔ ሌላ፤ ተከራክረንም አልተስማማን።

አሁን የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከታች አንድ አሮጌ መኪና አልነሳ አለ። መስኮቱ ጋ ሆኜ ሰማሁት። ሁለት ጊዜ ሲያዞረው አወቅሁ፤ ባትሪው ነው የደከመው፣ ሁለት ሰው ቢገፋው ይነሳል። ሰውየው ሦስተኛ ፎቅ ይኖራል መሰለኝ፤ ዩኒፎርም የለበሰች ልጁ ቦርሳዋን እንዳዘለች አጠገቡ ቆማለች። ልውረድ ብዬ አሰብኩ። ደግሞ ምን ይለኛል አልኩ፤ አያውቀኝም፤ ያልተጠራሁበት ገብቼ ምን ልሆን። ይህን ሳወጣ ሳወርድ እሱ ደጋግሞ አዞረው፣ ድምፁ እየሳሳ ሄደና ጸጥ አለ። በሩን ቆለፈ፣ የልጁን እጅ ያዘ፣ ሁለቱም በፍጥነት ወደ ታክሲ መያዣው ሄዱ። እዚህ ግቢ ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ስሙን አላውቀውም።