ከሠላሳ አምስት በታች

በስልሳ ስድስት ዓ.ም. መጋቢት ላይ አዲስ አበባ ካቢኔው ወረደ ተብሎ ይወራ ነበር። መካነ ሰላም የረሀብተኞች መጠለያ ውስጥ ግን ከደሴ የተነሳው የስንዴ መኪና የት ደረሰ ከሚለው በቀር ወሬ የሚሰማ ጆሮ አልነበረም። የመጠለያው ጤና ረዳት ይርገዱ እጇ ፈጣን፣ ምላሷ ከእጇ የፈጠነ ሴት ናት። ሠራተኞቹ «ወይዘሮ ቴርሞሜትር» ይሏታል። ማዳመጫዋ ከተሰበረ ወዲህ ትንፋሹ የማይለይ ሕፃን ሲያጋጥማት ፍርድ የምትሰጠው በዚያ የመስታወት ቴርሞሜትር ብቻ ነበርና። ብብት ውስጥ ታቆየዋለች፤ መስመሩ ካልተነሳ ለቀባሪዎቹ ራሷን ትነቀንቃለች።

ያን ዕለት ከከላላ በእግሯ የመጣችው ሀጀራ ያለወሩ የወለደችውን የሦስት ቀን ልጅ፣ ይርገዱ ራሷን ከነቀነቀች በኋላም፣ ለቀባሪ አልሰጥም አለች። የቀባሪዎቹ አለቃ ሼህ ጀብሪል የሬሳ ማጠቢያውን ውሃ አስቀምጠው ቆመዋል።

«ከአስር ሶላት በፊት እናድርሰው፣ ልጄ» አሏት። «አላህ የሰጠውን አላህ ወሰደው።»

«ወላሂ ጀርባው ይሞቃል» አለች ሀጀራ ወደ ይርገዱ ዞራ። «እቴ፣ እጅሽን ስጪኝ።»

ይርገዱ «የሚሞቀው ያንቺው እጅ ነው» ልትል ከአፏ ደርሶ ነበር። ግን ዳሰሰችው። እግሩ በረዶ፣ ሆዱም በረዶ ነው። በትከሻ አጥንቶቹ መሀል ግን ለብ ይላል።

ደሴ ስትማር የሰማችው ትዝ አላት። አራስ ሕፃን ሲበርደው አይንቀጠቀጥም፤ በትከሻዎቹ መሀል ያለውን ቡናማ ስብ እያነደደ ይሞቃል። የሞተ ደግሞ ስብ አያነድም። ቴርሞሜትሩን አራግፋ እዚያው ላይ በጋቢ አፍና ያዘችው። ሠላሳ አምስት ተኩል አለ።

«ውሃውን ይተዉት፣ ሼህ» አለች።

ሕፃኑን ከእናቱ ደረት ጋር ገላ ለገላ አጣብቃ ጠቀለለችው። የዱቄት ወተት አሙቃ በጠብታ አፉ ላይ አደረገች። ስቡ እንደ ኩበት ነው፣ ካልጨመሩበት ያልቃል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስትዳስሰው ጀርባውና ሆዱ እኩል ሆነዋል። ወይ ስቡ አልቆ ጀርባው ቀዝቅዟል፣ ወይ ሆዱ ሞቋል። መዳፏ በፍርሃት አልቦት ልትለየው አልቻለችም። ቴርሞሜትሩን ብብቱ ውስጥ አስገብታ ጠበቀች። ሀጀራ ዓይኗን ከይርገዱ ፊት አልነቀለችም።

ሠላሳ አምስት ነጥብ ስምንት።

«አልሀምዱሊላህ» አሉ ሼህ ጀብሪል፣ ውሃውንም ደፉት።

ሀጀራ አለቀሰች። ይርገዱ ግን ቴርሞሜትሩን ዓይኗ ሥር አስጠግታ ቀረች። የመጨረሻው ዝቅተኛ ቁጥር ሠላሳ አምስት ነው፤ ከዚያ በታች መስመር የለውም። በየቀኑ የምታየው ነገር ነበር። ከዚያ በታች የቀዘቀዘ ሕፃን ይሙት ይኑር፣ መስታወቱ አይለይም።

«ሼህ፣ ትናንት ጠዋት የሰጠሁዎት ልጅ» አለች። «ሲያጥቡት ጀርባው እንዴት ነበር?»

ሼህ ጀብሪል ባዶውን የማጠቢያ ዕቃ አነሱ።

«ለብ ያለ መስሎኝ ነበር» አሉ። «አንቺ አይተሽዋል ብዬ ተውኩት፣ ልጄ።»